የግቢ ሳር አንስቶ አገር በቀል ተክል መትከል፤ ኮምቦልቻ ላይ ከየት ይጀመራል?

የቦርከናዋ | ሚያዝያ 14

ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ኮምቦልቻ ነው። ግቢው 120 ካሬ ሜትር ያህል ሳር ለብሷል። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያለው ሮቶ ባለ 2,000 ሊትር ነው። በበጋ አብዛኛው ውሃ ለሳሩ ይሄዳል፣ ሳሩ ግን ከጥር በኋላ ቢጫ ከመሆን አይድንም። ስለዚህ እሱን አንስቼ የአገራችንን ዝናብና ፀሐይ የለመደ ተክል ማስገባት እፈልጋለሁ።

በበሩ በኩል ያለው ግማሽ ከፍ ይላል፤ ከግንባታ የተረፈ ድንጋይና ገረገንቲ የተደለደለበት ነው። የታችኛው ግማሽ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ያስፈልጋል። ቡና የሚፈላበት ደጃፍም አረንጓዴ ካልሆነ እናቶች አይለቁኝም።

ሳሩን በምን ላጥፋው፣ በፀረ አረም ወይስ በዶማ? ምን ልትከል፣ መቼ? አገር በቀል ከሆነ ውሃ አይፈልግም የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው?

---

ባለዶማ | ሚያዝያ 14

እህቴ፣ በደህና ጊዜ ነው የጠየቅሽው። በሰኔ ማብቂያ ብትጠይቂ ኖሮ "የከርሞ ሰው ይበለን" ነበር መልሱ።

ስለ ተክል ከማሰብሽ በፊት ሳርሽ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቂ፤ ድካሙ በዚያ ይለያያል። አንዷን ሥር መዘዝ አድርጊና እዪ። ከመሬት በላይ የሚሄድ ገመድ አለው፣ ከመሬት በታችም ነጭ፣ ጠንካራ፣ አንጓ አንጓ ያለው ሥር አለው፣ አበባውም እንደ ወፍ እግር ከ3 እስከ 6 ጣት ያወጣል? እንግዲያው ሰርዶ ነው። ቅጠሉ ሰፋ ብሎ አበባው እንደ ባላ ለሁለት ብቻ ከተከፈለ ግን ከችግኝ ቤት የሚሸጠው የጌጥ ሳር ነው። የጌጥ ሳሩ ቀላል ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት በአካፋ እንደ ምንጣፍ እየጠቀለልሽ ታነሺዋለሽ፣ ተገልብጦ ቢከመር ለከርሞ ጥሩ አፈር ይሆናል። ሰርዶ ከሆነ ግን ቀበቶ ማጥበቅ ነው።

የሰርዶ ሥር አብዛኛው ከላይ ባለው 20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ዋልካ ላይ ስንጥቁን ተከትሎ ከዚያም በታች ይወርዳል። የሚያሸንፈው አንድ ጊዜ በኃይል መቆፈር ሳይሆን እየደጋገሙ ማድረቅ ነው። ኮምቦልቻ በዚህ ታድላለች፤ የበልጉ ዝናብ ካለፈ በኋላ ግንቦትና ሰኔ ፀሐዩ የከረረ፣ ዝናቡ ጥቂት ነው። እነዚያን ሁለት ወራት ተጠቀሚባቸው።

ግንቦት እንደገባ ለመቆፈር ከታሰበው ቀን 3 ቀን ቀድመሽ መሬቱን አንዴ አርጥቢው። ደረቅ ዋልካ ዶማ ይሰብራል፣ ጭቃ ዋልካ ደግሞ ጡብ ይሆናል፤ ስትጨብጪው ተያይዞ፣ ስትጫኚው የሚፈረፈር መሆን አለበት። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ገልብጪና ጓሉን ሳትሰብሪ ሥሩን ወደ ፀሐይ አዙረሽ ተዪው። ከ10 ወይም ከ12 ቀን በኋላ ጓሉን አራግፈሽ ሥሩን ልቀሚ። ከዚያ ትንሽ ውሃ እርጪ። አዎ፣ ሰርዶውን ሆን ብለሽ ቀስቅሺው። የቀረው ቁርጥራጭ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ ቁመቱ ጣት ሲያክል፣ በሥሩ ያጠራቀመውን ስንቅ አውጥቶ ገና ሳይተካ፣ ድገሚው። ሦስተኛው ዙር ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። የተለቀመውን ሥር ቆርቆሮ ወይም ኮብልስቶን ላይ ሳምንት ሙሉ አድርቂው እንጂ ከአጥር ውጭ ቦይ ውስጥ አትጣይው፤ ውሃው መልሶ ያመጣልሻል።

ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፦ አንዴ አስቆፍረው ወዲያው ይተክላሉ። ቁፋሮው አንዱን ሥር ሃምሳ ቦታ ቆርጦታል፤ እያንዳንዱ አንጓ ደግሞ ራሱን የቻለ ችግኝ ነው። በመስከረም ክትክታው ከሰርዶ ውስጥ ይፈለጋል።

ፀረ አረምን በተመለከተ፦ ለጤፍና ለስንዴ የሚሸጠው ቱ ፎር ዲ ሳር አይገድልም፤ የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ነው። ሳር የሚገድለው ግላይፎሴት ነው፤ እሱም የሚሠራው ሰርዶው ለምልሞ እያደገ ሳለ ብቻ ነው። ቢጫ በሆነ ሳር ላይ መርጨት መድኃኒቱን ማባከን ነው። ልጅ በሚሮጥበት ግቢ ለ120 ካሬ ሜትር ብሎ መርጨት ለእኔ አይታየኝም።

ካርቶን አንጥፎ ጭድ መደፋት የጌጥ ሳርን ይገድላል፣ ሰርዶን አይገድልም፤ በካርቶኑ መጋጠሚያ ይወጣል። ነጭ አሳላፊ ላስቲክ (ጥቁር አይደለም) እርጥብ መሬት ላይ ወጥሮ ጠርዙን 15 ሴንቲ ሜትር ቀብሮ 6 ሳምንት ማቆየት ለኮምቦልቻ ፀሐይ ያስኬዳል። ደሴ ላይ ግን ላስቲክ መጨረስ ነው።

120ውን በአንድ ዓመት አትነካኪው። ዘንድሮ የላይኛውን 60፣ ከርሞ የታችኛውን። ለልጆቹ 30 ካሬ ሜትር ያህል ሰርዶ እንዳለ ተዪላቸው። ሰርዶ ራሱ እዚሁ የኖረ ሳር ነው፤ በጋ ውሃ ሳይጠጣ ቢጫ ይሆናል እንጂ አይሞትም፣ በመጀመሪያው ዝናብ ይመለሳል። ችግሩ የመጣው በጋም አረንጓዴ ይሁን ስለተባለ ነው። የሚቀረውን ሰርዶ ከአዲሱ ተክል የሚለይ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና የአካፋ ስፋት ያለው ቦይ ቆፍሪና ጠጠር ሙይበት፤ ክረምት ላይ በየወሩ የተሻገረውን ገመድ በማጭድ ቁረጪ።

---

ጦሳ ግርጌ | ሚያዝያ 15

ባለዶማ የመሬቱን ጨርሶታል። እኔ ወደ ተክሉ ልሂድ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር።

ወሎ ውስጥ "አገር በቀል" ሲባል የማን አገር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። ደሴ ላይ ደህና የሚሆነው ኮሶ ኮምቦልቻ ሲወርድ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ደሴ ላይ ውርጭ የሚያቃጥለው ደግሞ ኮምቦልቻ ይፈነድቃል። ስለዚህ ችግኝ ስትገዢ ስሙን ብቻ ሳይሆን ዘሩ ከየት ከፍታ እንደተለቀመ ጠይቂ።

ለላይኛው ድንጋያማ ግማሽ፦

ክትክታ። ለአጥር ሥር ከእሱ የሚሻል የለም። ድርቅ ይችላል፣ ከብት አይነካውም፣ ድንጋያማ መሬት ላይ ጭራሽ ይደላዋል። በሁለት ረድፍ፣ በችግኝ መካከል 50 ሴንቲ ሜትር፣ የኋላው የፊተኛውን ክፍተት እንዲደፍን አድርገሽ። ሁለተኛ ዓመቱ ላይ በ1 ሜትር ቁመት ከርክሚው፤ ካልተከረከመ ከታች ይራቆትና ፍየል የሚያሾልክ አጥር ይሆናል። ከዘር ለማብቀል ካሰብሽ ዘሩ ቅርፊቱ ውሃ አያስገባም። ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውሃ አፍስሺበትና ሲቀዘቅዝም እዚያው ውስጥ አሳድሪው።

እሬት። ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ያዘለ ተክል ነውና ዋልካ ላይ ወይም በየቀኑ ውሃ በሚጠጣ ቦታ ይበሰብሳል። ከእናቱ ጎን የወጣውን ግልገል ቁረጪ፣ የተቆረጠው ቦታ እንዲደርቅ ጥላ ውስጥ 5 ወይም 7 ቀን አቆይተሽ ትከዪ። ከየጎፍ ደን ወይም ከተራራ ነቅሎ ማምጣት አይገባም፤ የበቀለበትን ገደል አፈር የያዘው እሱ ነው።

ጥንጁት። እቃ የሚታጠንበት ጥንጁት ለጌጥ ተክል መሆኑን ሰው ረስቶታል። ቅጠሉ ወደ ብር የሚጠጋ አመድማ ነው፣ ከጥቁር አረንጓዴው ክትክታ ፊት ሲቆም ያምራል፣ ደረቅ መሬት ይወዳል፣ ይሸታል። በ1 ሜትር ርቀት።

ከሴ ደግሞ ለመንገዱ ጠርዝ፤ ልብስ ሲነካው ይሸታል። በየዓመቱ ከአበባው በኋላ በሲሶ መቁረጥ ነው፣ አለዚያ ግንዱ ይገረጣል።

ዛፍ አንድ ብቻ። ጽድ ውብ ነው፣ ግን ከ30 ሜትር በላይ የሚደርስ ዛፍ 120 ካሬ ሜትር ውስጥ አይገባም። ዋርካማ ቤቱንም አጥሩንም ይወስዳል። ምርጫው ከዋንዛና ከወይራ ነው። ዋንዛ ይፈጥናል፣ ነጭ አበባው ለንብ ነው፣ በበጋ ግን ቅጠሉን ያራግፋል፤ ከግድግዳ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። ወይራ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ መከርከምም ይችላል። ውሃው ባነሰ ግቢ እኔ ወይራ ነው የምተክለው። የወይራን ዘር ራስሽ ላብቅል ካልሽ ሥጋውን አጥበሽ አንሺና ፍሬውን ሳትጨፈልቂ ቅርፊቱን ሰነጠቅ አድርጊው፤ እንዲያ ካልሆነ ወራት ይፈጃል። የተዘጋጀ ችግኝ መግዛቱ ይሻላል።

ለደጃፉ፣ ለጥላው በኩል፣ ጌሾ። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቅጠል ዓመቱን ሙሉ አለሽ። ደረቅ አይወድም፤ የእጅና የእቃ እጥበት ውሃ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። አጠገቡ ዳማከሴ። በረኪና ያለበት ውሃ ግን ለሁለቱም አይሆንም።

አጋምና ቀጋ እሾሃም ናቸውና ልጆች ከሚሮጡበት ራቅ አድርገሽ ከአጥሩ ጥግ ብቻ።

---

ዓባይ ወንዝ 2 | ሚያዝያ 15

ለምን ጓሳ አትተክዪም? ሳር ነው፣ አገር በቀል ነው፣ በጋም ይችላል። ደጃፉም አረንጓዴ ይሆናል።

---

ጦሳ ግርጌ | ሚያዝያ 15

ወንድሜ፣ ጓሳ የደጋና የውርጭ ሳር ነው፤ አገሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በመጀመሪያው ሚያዝያ ይነዳል። ለመቅደላ አምባ አካባቢ ቢሆን እንኳ እንነጋገርበት ነበር።

---

የጓሮ ንብ | ሚያዝያ 15

ያ ጀማዓ፣ ስለ አበባ ማንም አላነሳ። ግቢው ክትክታና እሬት ብቻ ከሆነ መስከረም ሲጠባ ምን ሊታይ ነው?

አደይ። ዓመታዊ ነው፤ በክረምት በቅሎ በመስከረም አብቦ ዘር ጥሎ ይሞታል። እንግዲህ ሰው የሚሳሳተው ለእንቁጣጣሽ ሙሉውን ነቅሎ ጨርሶ በከርሞ "የት ሄደ?" ሲል ነው። ዘሩ ጠቁሮ እስኪረግፍ፣ እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ፣ ቢያንስ ሲሶውን አትንኩት። የሚዘራው ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ነው። ለ10 ካሬ ሜትር አንድ እፍኝ ዘር ከአምስት እፍኝ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መበተን፣ በቅርንጫፍ ጠረግ ጠረግ ማድረግ። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በታች አይቀበር። ሲበቅል በ15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ማሳሳት።

አሁን ሚያዝያ ነው፣ ዘር መልቀሚያው አልፏል። ዘር ያስቀመጠ ገበሬ ካልተገኘ ባለፈው መስከረም አደይ ከነበረበት የማሳ ዳር የላይኛውን 2 ሴንቲ ሜትር አፈር በባለቤቱ ፈቃድ ጥቂት ጆንያ ማምጣት ይቻላል፤ ዘሩ አፈሩ ውስጥ ነው። ግን ከመንገድ ዳር እንዳይሆን! ቅንጨ አረም አብሮ ይመጣል።

ስለ እሱ ካነሳሁ አይቀር፣ ሁለቱ ገና በጨቅላነታቸው እንዲለዩ ልንገራችሁ። ቅንጨ አረም ሲበቅል መሬት ላይ እንደ ጎመን ተዘርግቶ ይተኛል፤ ቅጠሉ የተተለተለ፣ ወደ አመድ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሎቹም ከመሐል እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። አደይም ቅጠሉ የተተለተለ ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ጣት አስገብታችሁ አንጓውን እዩ፦ ጥንድ ከሆነ ተዉት፣ ነጠላ ከሆነ ንቀሉት። ቅንጨ አረም ሳያብብ በፊት፣ ጓንት አድርጎ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ ነው የሚነቀለው። ቆዳ ያሳክካል፣ የመተንፈሻ አለርጂ ላለበት ሰው ከባድ ነው። ካበበ በኋላ የተነቀለ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ማገጥ። ውሃ ለሚያቁረው ዋልካ ይሄ ነው። በክረምት መሬቱን ሸፍኖ ያብባል፣ ማሩም የታወቀ ነው። ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል፤ ደርቆ እንዳለ ተዉት፣ ዘሩን ይጥላል፣ ጭዱም አፈሩን ይሸፍናል። ማገጥ ከአደይ ጋር ይስማማል፤ አንዱ ሥር ሥሩን ሲሄድ ሌላው በላዩ ይቆማል።

ጦስኝም ብታስገቢ መልካም ነው።

---

ጦሳ ግርጌ | ሚያዝያ 16

በማገጡ እስማማለሁ። በጦስኙ ግን አይሆንም። የዱር ጦስኝ ከ2,200 ሜትር በላይ ያለ ተክል ነው፤ ደሴ ላይ በጠጠር መደብ ግሩም ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ያሳሳዋል፣ ዋልካው ይጨርሰዋል። ሽታው ከተፈለገ ከሴው ይበቃል።

---

የጓሮ ንብ | ሚያዝያ 16

እሺ፣ በድስት ይሁንላት እንጂ። ከሸክላ ድስት ሥር ቀዳዳ፣ ግማሽ አፈር ግማሽ ጠጠር፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበት መስኮት። ለሻይ የሚሆን ይወጣዋል።

---

የቦርከናዋ | ሚያዝያ 17

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ ባለዶማ እርስዎንም። ሥሩን መዝዤ አየሁት፤ ሰርዶ ነው።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንድ፣ ዋልካው ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ በጥሩ አፈርና በፍግ ልሙላው ብዬ ነበር፤ ትክክል ነው? ሁለት፣ ውሃው ስንት ይፈጃል፣ ከሳሩ ይቀንሳል? ሦስት፣ ቁጥቋጦ እባብ ያመጣል እያሉ ያስፈራሩኛል።

---

ባለዶማ | ሚያዝያ 17

አብሽሪ እህቴ።

ዋልካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ልል አፈር መሙላት እንስራ መቅበር ማለት ነው። በዙሪያው ያለው ዋልካ ውሃ አያሳልፍም፤ የክረምቱ ውሃ ሁሉ ወደ ልሉ አፈር ይገባና እዚያው ይተኛል፣ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ከሥሩ ጠጠር ማንጠፍም አያድነውም፤ ውሃው መውጫ የለውምና። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ባለቤቱ ውሃ ጠማው ብሎ ይጨምርበታል፤ ያ ነው ቀብሩ።

ለማረጋገጥ 40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረሽ ውሃ ሙዪው፣ ይስረግ፤ በማግስቱ ድገሚና በሰዓት ስንት እንደሚወርድ በእንጨት ለኪ። በሰዓት ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጉድጓድ አይሆንም፣ ጉብታ ነው። ከራሱ ከዋልካው ሁለት እጅ፣ የበሰለ ብስባሽ አንድ እጅ ቀላቅለሽ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ሥሪና በላዩ ትከዪ። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል፤ ቢያንስ 3 ወር ተከምሮ የበሰለ ይሁን። ውሃው ለሚያቁርበት ለመጨረሻው ጥግ ምንም አትታገዪ፤ ቄጠማ ትከዪበት። ለቡናው የሚጎዘጎዘውን ከዚያው ታጭጃለሽ፣ እናቶችም ይመርቁሻል።

በላይኛው በኩል ተቃራኒው ነው፤ ድንጋያማ ስለሆነ ውሃው ሳይጠቅም ያልፋል። እዚያ 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱም በታችኛው በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የድንጋይ ክትር፤ ተራራው ላይ የሚሠራውን በትንሹ ማለት ነው። ከላይ የሚወርደውን ይዞ ለተክሉ ያጠጣዋል። ከግንባታ የተረፈውን ድንጋይ አታውጪው፣ ለዚህ ይሆናል። ሲሚንቶ የፈሰሰበትን ፍርስራሽ ግን ለቅመሽ አውጪ፤ ኖራው አፈሩን ያበላሸዋል።

ውሃውን እናስላ። ለምለም ሳር በኮምቦልቻ በጋ በካሬ ሜትር በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ይፈልጋል። ለ120 ካሬ ሜትር ከ360 እስከ 480 ሊትር፣ ማለትም በቀን ከ18 እስከ 24 ጀሪካን ነው። ሮቶሽ ሳሩን ብቻ ቢያጠጣ በአራት በአምስት ቀን ባዶ ነው፤ ቢጫ የሆነብሽም ስለዚህ ነው።

አገር በቀል ውሃ አይፈልግም የሚለው ደግሞ ሐሰትም እውነትም ነው። ሥሩ እስኪወርድ ይፈልጋል። ሐምሌ ተክለሽ ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያቆም ችግኙ ሥሩ ገና የክንድ ያህል አልወረደም። ከጥቅምት እስከ ጥር በሳምንት አንዴ ለአንዱ 10 ሊትር፤ ከዚያ እስከ በልጉ በ15 ቀን አንዴ። 30 ችግኝ ቢኖርሽ በሳምንት 300 ሊትር ነው፤ ሳሩ በአንድ ቀን ከሚጠጣው ያነሰ። ሁለተኛው በጋ በወር አንዴ፣ ሦስተኛው ላይ ከጌሾው በቀር ይቆማል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ግን ተክሉን ያሰንፈዋል፤ ሥሩ ወደላይ ይቀራል።

ለጣራውም አሸንዳ ካለው ተጠቀሚበት። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣራ፣ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ የሚባክነው አንድ አምስተኛ ተቀንሶ 1,280 ሊትር ነው። የመጀመሪያው አቧራና የወፍ ኩስ ያለበት ስለሆነ በቱቦ ወደ ቄጠማው ይሂድ። ሮቶው ሲሞላ የሚፈሰውን ደግሞ ወደ ጌሾው ምሪው።

አፈሩን ከጥቅምት በፊት መሸፈን አትርሺ፤ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ጭድ ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር። ለ60 ካሬ ሜትር ጠጠሩ 3 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ አለዚያ ምስጥና መበስበስ ነው። ለእሬቱና ለጥንጁቱ ጠጠር፣ ለጌሾው ጭድ። አደይ ለሚዘራበት ቦታ ምንም አታልብሺ፤ ዘሩ ይታፈናል። የባህር ዛፍ ቅጠል ለዚህ አይሆንም፤ ሌላ ዘር እንዳይበቅል ያግዳል።

---

የጓሮ ንብ | ሚያዝያ 17

ስለ እባቡ፦ የሚጠራው ቁጥቋጦው ሳይሆን አይጡ ነው፤ አይጡን ደግሞ የተደፋ እህልና የድንጋይ ክምር ይጠራዋል። ከቤቱ ግድግዳ 2 ሜትር ያህል ጠጠር ብቻ አድርጊው። ቁጥቋጦዎቹን ከሥር 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ቅርንጫፋቸውን አጥሪ፣ ሥራቸው ብርሃን እንዲታይ። ከግማሽ ጨረቃው የተረፈ ድንጋይ ጥግ ላይ ተከምሮ እንዳይቀር።

ለአጥር ብለሽ ግን ቅንጭብ ወይም ቁልቋል እንዳታስገቢ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ልጅ ባለበት ግቢ አይሆንም። ፈጣን አጥር ከተፈለገ ሰንሰል ነው። የጣት ውፍረት ያለው 40 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ፣ ከግማሹ በላይ መሬት ውስጥ፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ሐምሌ ላይ። ከብት አይበላውም።

---

ጦሳ ግርጌ | ሚያዝያ 18

የመጨረሻውን ላስገባ። ችግኙን አሁን እዘዢ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ የቀረው ሁሉ የተመረጠ ትራፊ ነው። ለላይኛው 60 ካሬ ሜትር፦ ለአጥሩ 8 ሜትር ርዝመት በሁለት ረድፍ 32 ክትክታ፣ 7 ጥንጁት፣ 8 ከሴ፣ 10 እሬት፣ 4 ጌሾ፣ 3 ዳማከሴ፣ 1 ወይራ። ከነዚህ 10 በመቶ ጨምረሽ ውሰጂ፣ የሚሞት አይጠፋም። ክትክታው በዛ ብለሽ አትስጊ፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ አጥር ስለሆነ 10 ሊትሩ ለሁለት ችግኝ ይበቃል። እሬቱንም ከውሃ ቁጥሩ አውጪው።

የምትተክዪው ዝናቡ መሬቱን 30 ሴንቲ ሜትር ካራሰ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሐምሌ 10 እስከ ወሩ መጨረሻ ባለው ጊዜ። በሰኔ አንድ ዝናብ ተታለሽ አትትከዪ። ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ ደግሞ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ያልቅበታል።

ስትረከቢ ትልቁን አትምረጪ። 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ወፍራም ግንድ ያለው ይሻላል፤ በጠባብ ላስቲክ ውስጥ 1 ሜትር የረዘመው ሥሩ ተጠምዟል። ላስቲኩን ከታች አገላብጠሽ እዪው፦ ከቀዳዳው የወጣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ሥር ካለ መልሺው። ስትተክዪ ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቀደሽ ሙሉ በሙሉ አውጪ፣ ከታች ያለውን 1 ሴንቲ ሜትር የተጠመዘዘ ሥር ቁረጪ፣ የግንዱ አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን። ሠራተኛ የምታስተክዪ ከሆነ ላስቲኮቹን ቆጥረሽ ተቀበዪው፤ 65 ችግኝ ከተተከለ 65 ባዶ ላስቲክ መመለስ አለበት።

---

የቦርከናዋ | ሚያዝያ 18

65ቱን ላስቲክ ቆጥሬ እቀበላለሁ። ቁፋሮው ግንቦት 3 ይጀመራል፤ ሚያዝያ 30 መሬቱን አረጥበዋለሁ። የቀስቅሺውን ውሃ ግን ከየት አመጣለሁ፣ ፈረቃው በሳምንት አንዴ ነው?

---

ባለዶማ | ሚያዝያ 18

የልብስ ማለቅለቂያው ይበቃል። በካሬ ሜትር 5 ሊትር ብትረጪ ሰርዶው ይነቃል፤ 60ውን ደግሞ በአንድ ቀን ማዳረስ የለብሽም፣ 10 ካሬ ሜትር፣ 10 ካሬ ሜትር እያልሽ በተራ ሂጂ። ቀኑን ብቻ እንጨት ላይ ጽፈሽ ትከዪ፤ የትኛው መደብ መቼ እንደራሰ ከጠፋብሽ ሰርዶው ጣት ሳያክል ወይም ካለፈ በኋላ ትደርሺበታለሽ።